ሐይቅ የጠፋበት ደጋ፣ ጎርፍ የወረደበት ቆላ

ከድሬዳዋ ተነስቶ ወደ ሐረር የሚሄድ መንገደኛ የደንገጎን ጠመዝማዛ ጨርሶ ደጋው ላይ ሲወጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ዓይኑ የሚያርፈው የሐረማያ ሐይቅ ላይ ነበር። ሐይቁ ለሐረር ከተማ የሚጠጣ ውሃ፣ ለዙሪያው ገበሬ የጫትና የአትክልት መስኖ፣ ለከብቱ መጠጫ፣ ለወፉ ማረፊያ ሆኖ ኖሯል። ከጊዜ በኋላ ግን ውሃው ከዳርቻው መሸሽ ጀመረ፤ ፓምፖቹም ተከተሉት። ውሃው ሲርቅ ቱቦ ይቀጠላል፤ ቱቦው ሲደርስ ውሃው እንደገና ይርቃል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። ዓሣ ይሠገርበት የነበረው ሥፍራ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆነ።

የሐረር ቧንቧም አብሮ ደረቀ። ውሃ በአህያና በቦቴ እየተጫነ ይሸጥ የነበረበትን ዘመን የከተማው ሰው አይረሳውም። በኋላ የተገኘው መፍትሔ በድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ውሃውን በፓምፕ ተራራ አስወጥቶ ወደ ሐረር መላክ ሆነ። ከደጋ ወደ ቆላ መውረድ የውሃ ጠባይ ነው፤ ለሐረር ግን የቆላው ውሃ በመብራት ኃይል ተገፍቶ ወደ ደጋ ይወጣል። መብራት ሲጠፋ ውሃውም ይጠፋል።

ሐይቁ በደረቀበት በዚያው ሰሞን፣ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከዚሁ ደጋ ሰሜናዊ ገጽ የወረደ ውሃ የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ በሌሊት ድሬዳዋ ገባ። ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሚታይበት፣ ሰው በእግሩ የሚሻገረው ደረቅ ወንዝ ነው። በዚያ ሌሊት ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ተኝተው ነበር።

የደጋው አንዱ ፊት ወደ ዋቢ ሸበሌ፣ ሌላው ፊት ወደ አዋሽ ተፋሰስ ያዘነብላል። በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም በማይበልጥ ርቀት ውስጥ አንዱ ከተማ ውሃ አጥቶ ሲጨነቅ ሌላው በውሃ ተጠረገ። የአየር ንብረት ለውጥ ውሃችንን ምን እያደረገው እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሰው ከዚህ የተሻለ ማሳያ ቦታ አላውቅም፤ በዚህ ቦታ የደረሰው ሁሉ የአየር ንብረት ለውጥ ሥራ ስለሆነ ግን አይደለም። ሐይቁን በዋናነት ያደረቀው የሰው እጅ ነው፤ ጎርፉንም ያባባሰው የተራቆተው ተዳፋት ነው። የሚያሳስበኝ ቀጣዩ ነው። ሙቀቱ የዝናቡን አወራረድ ከዓመት ዓመት እያከረረው ሲሄድ፣ እኛ ውሃን የምናቅደውና የምናስተዳድረው ዛሬም ባለፈው ዘመን አማካይ ነው።

እንስራው ተልቋል

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት አንድ የፊዚክስ ሕግ ይበቃል። የአየር ሙቀት 1 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር አየሩ ሊሸከም የሚችለው የውሃ እንፋሎት 7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የዓለም ሙቀት ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከነበረው ከ1 ዲግሪ በላይ ከፍ ብሏል፤ እንደ ዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት መረጃ እ.ኤ.አ. 2024 አማካይ ሙቀቱ 1.5 ዲግሪን የተሻገረ የመጀመሪያው ዓመት ሆኗል።

አየሩን እንደ እንስራ እናስበው። እንስራው ሲተልቅ ለመሙላት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈጃል፤ ውሃውንም የሚቀዳው ከአፈሩ፣ ከቅጠሉ፣ ከኩሬውና ከሐይቁ ነው። ሞልቶ ሲደፋ ደግሞ የሚደፋው ከቀድሞው ይበልጣል። ድርቁ የሚረዝመውም፣ ዶፉ የሚበረታውም በአንድ እንስራ ነው። ስለዚህ በአንድ ወረዳ ግንቦት ላይ ውሃ በቦቴ ሲታደል ቆይቶ ነሐሴ ላይ ድልድይ በጎርፍ ሲወሰድ ዜናው የሚጋጭ መስሎ ይታያል እንጂ ምክንያቱ አንድ ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድና ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነጥብ አለ። በዓለም ደረጃ ጠቅላላው ዝናብ የሚጨምረው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከ1 እስከ 3 በመቶ ብቻ ነው። ከባድ ዝናብ ግን ወደ 7 በመቶ ይጨምራል። ጠቅላላው ጥቂት ጨምሮ ዶፉ ብዙ ከጨመረ፣ ልዩነቱ ከየት መጣ? ከካፊያው ተቀንሶ ነው። እየጠፋ ያለው ያ ቀኑን ሙሉ በዝግታ የሚዘንበው፣ አፈር ውስጥ ሰርጎ ሥር የሚያርሰው፣ ቀስ እያለም ወደ ከርሰ ምድር ወርዶ በታኅሣሥና በጥር ምንጭ ሆኖ የሚወጣው ዝናብ ነው። ዶፍ ለዚህ ጊዜ የለውም። የመሬቱን ፊት መትቶ ይደፍነዋል፣ አፈሩን ይዞ ይሮጣል፣ በሰዓታት ውስጥ ወንዝ ይገባል። በበጋ ምንጩ የነጠፈበት መንደር ክረምቱ ጥሩ ነበር ሲባል የሚገረመው ለዚህ ነው።

የገበሬው ሚዛንና የጣቢያው ሚዛን

የኢትዮጵያ ደጋ የክረምት ዝናብ ከዓመት ዓመት ክፉኛ ይዋዥቃል፤ በጠቅላላ መጠኑ ግን በሁሉም ቦታ ወጥ የሆነ የመቀነስ አዝማሚያ አይታይበትም። ይህን ይዘው «ዝናቡ አልቀነሰም፣ ገበሬው በልማድ ነው የሚያማርረው» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ተሳስተዋል። ገበሬው ዝናብን የሚመዝነው በሚሊ ሜትር አይደለም። ሰኔ በወጉ ግም ማለቱን፣ ሐምሌና ነሐሴ በመሐል አለመቋረጣቸውን፣ መስከረም ሲጠባ ሰማዩ መጥራቱን ያያል።

አንድ ማሳ እናስብ። ጤፉ ተዘርቶ በቅሎ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ዝናቡ አሥራ አምስት ቀን ተቋረጠ። አፈሩ ተሰነጠቀ፣ የቡቃያው ጫፍ ቢጫ ሆነ፣ ገበሬው ጠዋት ጠዋት ወደ ምሥራቅ እያየ ይመለሳል። ከዚያም ያ ሁሉ የቀረው ዝናብ በሁለት ሌሊት ወረደ። በወሩ መጨረሻ የሜትሮሎጂ ጣቢያው መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ቁጥር ከሠላሳ ዓመቱ አማካይ ጋር ይገጥምና ወሩ «መደበኛ» ይባላል። ማሳው ላይ ግን ግማሹ ቡቃያ ደርቋል፣ ግማሹ ከነአፈሩ ታጥቦ ቦረቦሩ ውስጥ ገብቷል። አብዛኛው የእርሻችን ሥራ ዝናብ ጠባቂ በሆነበት አገር ይህ ልዩነት የቁጥር ጨዋታ አይደለም፤ የዓመት ቀለብ ነው።

በደቡብና በምሥራቅ ያለው ታሪክ ሌላ ነው። በእነዚህ አካባቢዎች ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዋናው ዝናብ ካለፉት አሥርት ዓመታት ወዲህ ቀንሷል። የሚገርመው፣ ብዙዎቹ የአየር ንብረት ሞዴሎች ምሥራቅ አፍሪካ ወደፊት የበለጠ ዝናብ እንደምታገኝ ይተነብያሉ። በትንበያውና በመሬት ላይ በሚታየው መካከል ያለው ይህ ክፍተት ሳይንቲስቶችን ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። ለውሃ አስተዳዳሪ ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው። በአንድ ትንበያ ላይ ብቻ ተደግፎ የሚያቅድ ሰው ለሁለት ዓይነት ውድቀት ራሱን ያጋልጣል።

ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሶማሌ፣ በቦረናና በአካባቢው አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ከብቶች አለቁ። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ላይ ዓለም አቀፍ የሳይንቲስቶች ቡድን ያወጣው ጥናት ለዚህ ድርቅ የሰጠው ማብራሪያ ልብ ሊባል ይገባዋል። የዝናቡ እጥረት ብቻውን ያን ያህል ጥፋት አያደርስም ነበር። ሙቀት ጨምሮ ከአፈርና ከዕፅዋት የሚተነው ውሃ በመብዛቱ፣ ይህን መሰል የእርሻ ድርቅ የመድረስ ዕድሉን የአየር ንብረት ለውጥ ቢያንስ በ100 እጥፍ አሳድጎታል ይላል ጥናቱ። ቀደም ባለው ዘመን ተመሳሳይ መጠን ያለው ዝናብ ቢዘንብ ኖሮ ሣሩ ይቀጥን ይሆናል እንጂ ከብቱ በየሜዳው ባልተረፈረፈ ነበር። ይህም የዝናብ መለኪያን ብቻ እያዩ ድርቅን መጠበቅ እንደማይበቃ ያሳያል፤ የአፈሩን እርጥበትና የአየሩን ጥም አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

ከዚያስ ምን ሆነ? በኅዳር 2016 ዓ.ም. ኤልኒኖ የሚባለው የፓሲፊክ ውቅያኖስ መሞቅና የሕንድ ውቅያኖስ መሞቅ ተደርበው የሶማሌን ክልል በጎርፍ አጥለቀለቁት። ዋቢ ሸበሌና ገናሌ ዳዋ ከዳርቻቸው ወጡ። ከሦስት ዓመት ድርቅ ያተረፋትን ፍየል ውሃ የወሰደበት አርብቶ አደር «ዝናብ ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም?» ቢባል ምን ይመልሳል?

137 ጀሪካን

የአገራችን 12 ተፋሰሶች በዓመት የሚያመነጩት የገጸ ምድር ውሃ 122 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ እንደሆነ በየመድረኩ እንሰማለን። በሕዝቡ ቁጥር ስናካፍለው ለአንድ ሰው በዓመት 1,000 ሜትር ኩብ አካባቢ ይሆናል። ይህን ወደ ቤት ቋንቋ ብንመልሰው በቀን 2,740 ሊትር፣ በሃያ ሊትር ጀሪካን 137 ጀሪካን ማለት ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው፣ በየቀኑ።

ይህን ቁጥር ቦኖ ላይ ከንጋት ጀምራ ወረፋ ለያዘች ሴት መንገር ነውር ነው። ቁጥሩ ሐሰት ስለሆነ አይደለም። የውሃው 80 በመቶና ከዚያ በላይ የሚገኘው በአራት ተፋሰሶች ነው፤ በዓባይ፣ በተከዜ፣ በባሮ አኮቦና በኦሞ ጊቤ። ሕዝቡ ግን በብዛት የሰፈረው በምሥራቅና በመካከለኛው ክፍል ነው። ጊዜውም እንደዚሁ ነው። የዓባይ ዓመታዊ ፍሰት አብዛኛው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ይሄዳል፤ በሚያዝያ የወንዙን ድንጋይ መቁጠር ይቻላል። አማካዩ የቦታንም የጊዜንም ልዩነት ደብቆ አንድ የተደላደለ አገር ይሥልልናል። የአየር ንብረት ለውጡ ደግሞ ሁለቱንም ልዩነቶች እያሰፋቸው ነው።

አማካይ ያሳሳተን በመብራቱም ነው። ከኤሌክትሪካችን ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው፣ 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጊቤ ሦስት ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የመብራት ችግር ያበቃ መስሎን ነበር። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግድቡ ውሃ ወርዶ አገሪቱ መብራት በፈረቃ ማደል ጀመረች፤ ለጎረቤት አገሮች የሚሸጠውም ተቋረጠ። ክረምቱ ሲገባ ነገሩ ተስተካከለ፤ ተስተካከለና ተረሳ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው ወንዝ ታችኛው ጫፍ የኦሞ ውሃና የቱርካና ሐይቅ ሞልተው የዳሰነችን መንደሮች ዋጡ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ። በአንድ ወንዝ ላይ፣ በአንድ አሥርት ዓመት ውስጥ።

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በዚህ ዓይን ሲታይ ከመብራት ማመንጫነት የሰፋ ትርጉም አለው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ ዓባይ በድንበሩ ላይ በአማካይ በዓመት ከሚያወርደው 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ጋር ስናስተያየው የአንድ ዓመት ተኩል ፍሰት ማለት ነው። አወራረዱ ለከረረ ዝናብ ከዚህ የተሻለ ትልቅ መያዣ የለም። የጥጋብ ዓመትን ውሃ ለችጋር ዓመት ማቆየት የሚችለው እንዲህ ያለ ግድብ ነው። ግን ትልቅ መያዣ ራሱን አያስተዳድርም። ለጎርፍ ቦታ ለመተው ውሃውን ዝቅ ማድረግና ለድርቅ ለመቆጠብ ሙሉ ማድረግ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ፍላጎቶች ናቸው፤ በየወሩ መካከላቸው መምረጥ ይኖርበታል። ምርጫው ጥሩ የሚሆነው ትንበያው ጥሩ ሲሆን፣ መረጃውም ወደ ታችኛው አገር በጊዜው ሲደርስ ነው።

ግድቡን ከሚያሰጋው ሁሉ የሚያሳስበኝ ደግሞ ደለሉ ነው። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ከአዋሽ ላይኛው ተፋሰስ በሚመጣ አፈር ብዙ ቦታውን አጥቷል። ጎንደርን የሚያጠጣው የአንገረብ ግድብም ከታሰበለት ጊዜ ቀድሞ በደለል ተጨናንቋል። ዶፉ ሲበረታ የሚታጠበው አፈር ስለሚበዛ፣ ውሃ ለማቆየት የሠራነው ቦታ አፈር ማቆያ ይሆናል። ከጎጃምና ከወሎ ተዳፋት የሚሄደው አፈር ገበሬውን አንዴ፣ ግድቡን ሁለተኛ ይጎዳል።

«የመቶ ዓመት ጎርፍ»

መሐንዲሶች ድልድይ፣ የመንገድ ቱቦ ወይም ግድብ ሲነድፉ «የሃምሳ ዓመት»፣ «የመቶ ዓመት ጎርፍ» የሚባል መለኪያ ይጠቀማሉ። በየትኛውም ዓመት የመድረስ ዕድሉ ከመቶ አንድ የሆነ ጎርፍ ማለት ነው። ስሌቱ የሚሠራው ከዚህ በፊት ከተመዘገበ ፍሰት ነው፤ ነገ እንደ ትናንት ይሆናል ከሚል እምነት ጋር። ይህ እምነት ከእንግዲህ አያዋጣም። በትናንት መዝገብ ከመቶ አንድ የነበረው ዛሬ በአርባ ዓመት አንዴ የሚጠበቅ ሊሆን ይችላል፤ ምን ያህል እንደተቀየረ ለማወቅ ደግሞ መዝገቡ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ያለብን ጉድለት ያሳዝናል። የዝናብና የወንዝ መለኪያ ጣቢያዎቻችን በብዛት በዋና ዋና መንገዶች ዳርና በደጋው ከተሞች ዙሪያ የተሰበሰቡ ናቸው። ሰፊው ቆላ፣ ድርቁም ጎርፉም የሚበረታበት፣ በቁጥር የተራቆተ ነው። የወንዝ መለኪያ ዘንግ በጎርፍ ተወስዶ ሳይተካ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ዘንጉ የሚወሰደው ደግሞ ልኩ በጣም በሚያስፈልግበት በትልቁ ጎርፍ ቀን ነው። የሳተላይት መረጃ ብዙ ክፍተት ይሞላል፤ ነገር ግን እርሱም ትክክለኛነቱ የሚረጋገጠው መሬት ላይ ባለ ዘንግና ባልዲ ነው። ለአንድ ጣቢያ ዘበኛ የሚከፈለው ደመወዝ በውሃ በጀት ውስጥ የማይታይ ሳንቲም ነው። መጀመሪያ የሚቆረጠው ግን እርሱ ነው።

በአየር ንብረት ማሳበብ

አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» የሚለው ቃል በቢሮዎቻችን ውስጥ ምቹ መደበቂያ ሆኗል። መተሐራ አጠገብ ያለውን የበሰቃን ሐይቅ ተመልከቱ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ሐይቅ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ጨዋማ ውሃው ግጦሹንና እርሻውን ሸፍኖ፣ የጅቡቲን መንገድና የባቡር ሐዲድ ጭምር አስጨንቋል። ዙሪያው በረሃማ ነው፤ ዝናቡም ይህን ሊያደርግ የሚችል አይደለም። ተመራማሪዎች በዋናነት የሚጠቅሱት ከአካባቢው መስኖ ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርገውንና የሚመለሰውን ውሃ ነው። በዚያው ስምጥ ሸለቆ ወደ ደቡብ ያለው የአብጃታ ሐይቅ ደግሞ በተቃራኒው እየተሰበሰበ ነው፤ ወደ እርሱ የሚሄደው ውሃ ከላይ ለመስኖ ይጠለፋል፣ ከራሱም ለሶዳ አሽ ምርት ሲቀዳ ኖሯል። አንዱ ያበጠው፣ ሌላው የከሳው በአያያዛችን ነው። ሙቀቱ በዚህ ላይ ትነቱን ይጨምርበታል።

ሐረማያም እንዲሁ ነው። ሐይቁ ሲሞት ለከተማው የሚቀዳው፣ ለጫቱ የሚቀዳው፣ ከተራቆተው ኮረብታ የሚገባው ደለልና የሚጨምረው ትነት አንድ ላይ ተባብረዋል። በየዓመቱ ስንት ፓምፕ እንዳለ፣ እያንዳንዱ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ የሚያውቅ አልነበረም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃ ለመጠቀም ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። ሕጉ ከወጣ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ሐይቁ አለቀ።

እኔ በምኖርበት የአዲስ አበባ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው መጀመሪያ አየር ያፏጫል፣ ከዚያ ይሳላል፣ ከዚያ ቡናማ ውሃ ይተፋል። የቤቱ ሰው ሁሉ ይነሳል፤ ሮቶው፣ በርሜሉ፣ ባልዲው፣ ድስቱ ሳይቀር ይሞላል። ባለፈው ዓመት መንገዳችን ላይ የፈነዳ ቧንቧ ለአሥራ ሰባት ቀን ሲፈስ ቆየ። በየቀኑ ስልክ ደወልን። ያ ውሃ ከለገዳዲ ወይም ከአቃቂ ጉድጓድ ተገፍቶ፣ ተጣርቶ፣ ክሎሪን ተጨምሮበት የመጣ ውሃ ነው። አስፋልቱን ሲያጥብ እያየሁ፣ ስለ አየር ንብረት የሚወራው ሁሉ ከዚህ ቧንቧ ካልጀመረ የት ይጀምራል ብዬ ተናደድኩ።

የቆጠራ አባት

ቦረና ውስጥ «ቱላ» የሚባሉ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ። ወደ ታች የሚወስደው መንገድ ከብቱ እስከሚጠጣበት ድረስ እንደ ሸለቆ ተቆፍሮ ይወርዳል። ከዚያ በታች ወጣቶች በመሰላል ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው ውሃውን በእቃ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ፣ በዜማ እየተመሩ ገንዳው ውስጥ ይገለብጡታል። ዜማው ጉልበቱን ያስተባብራል፤ አንድ እጅ ቢዘገይ ሰንሰለቱ ይበጠሳልና።

እዚያ የሚደንቀው ቁፋሮው ብቻ አይደለም። ጉድጓዱን ያስቆፈረው ሰው «አባ ኮንፊ» ይባላል፤ ክብርም ቅድሚያም አለው። የማጠጫውን ተራ የሚመራው ግን «አባ ሄሬጋ» ነው። ሄሬጋ በኦሮምኛ ቆጠራ፣ ስሌት ማለት ነው። ማን በስንተኛው ቀን እንደሚያጠጣ፣ ስንት ከብት እንደሚገባ፣ ውሃው ሲያንስ የማን ተራ እንደሚራዘም እርሱ ይይዛል። ተራን የሚጥስ ሰው ለጉባኤ ይቀርባል። ይህ ሥርዓት በአምስቱ የከሸፉ ወቅቶች ከብቱን ሁሉ ሊያድን አልቻለም፤ ሣር ከሌለ ውሃ ብቻውን ከብት አያኖርም። ጉድጓዱ ግን የኃይለኛ ንብረት አልሆነም። በፓምፕ ከሚሠራው ዘመናዊ ጉድጓድ ጋር ሳስተያየው ልዩነቱ ይቆጨኛል። ፓምፑ ሲተከል ውሃ ይትረፈረፋል፣ ከብት ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፣ ዙሪያው በአንድ ወቅት ይራቆታል። ሞተሩ ሲበላሽ መለዋወጫ የሚገዛው ማን እንደሆነ አይታወቅም። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ የሚወጣው ውሃ ፍሎራይድ በዝቶበት የልጆችን ጥርስና አጥንት የሚጎዳበት ቦታ ብዙ ነው።

የከርሰ ምድር ውሃ ለከረረው ዝናብ ከሁሉ የተሻለ ማቆያ ነው፤ ፀሐይ አያተነውም፣ ደለል አይሞላውም። የሚሞላው ግን ውሃው እንዲሰርግ ስንፈቅድለት ነው። በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ማኅበረሰብ ለዓመታት እርከን ሠርቶ፣ ተራራውን ከከብት ከልሎ፣ ውሃ ማስረጊያ ጉድጓድ ቆፍሮ ደርቆ የነበረውን መሬት ምንጭ እንዲያፈልቅ አደረገ፤ በዚህም እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት ተቀበለ። የኮንሶ እርከን ከዚህ በፊት ለዘመናት ያንኑ ሲያደርግ ኖሯል። በሌሎች ቦታዎች የተሠራው የተፋሰስ ልማት ግን ብዙ ጊዜ የሚለካው በተቆፈረው እርከን ኪሎ ሜትርና በተተከለው ችግኝ ቁጥር ነው። እኔ ማየት የምፈልገው ሪፖርት ሌላ ነው፦ ከሥራው በፊት ምንጩ በየካቲት ስንት ሊትር ያፈልቅ ነበር፣ ከሥራው በኋላስ? ባልዲና ሰዓት ያለው ሰው ሊለካው ይችላል።

ድርቅ ሲመጣ ቦቴ መላክ ግዴታ ነው፤ ሰው ሲጠማ ክርክር የለም። ቦቴው የሚሄደው ግን በየጊዜው ወደ አንድ ዓይነት ወረዳዎች ነው። ለሦስት ዓመት የቦቴ ኪራይ የሚወጣው ገንዘብ በዚያ ወረዳ ስንት የአሸዋ ግድብ፣ ስንት የጣሪያ ውሃ ማጠራቀሚያ ይሠራ እንደነበር ቢሰላ መልካም ነው። የአሸዋ ግድብ በደረቅ ወንዝ ላይ የሚሠራ አጭር ግንብ ነው፤ ጎርፉ ሲመጣ አሸዋው ከኋላው ይሞላል፣ ውሃው በአሸዋው ውስጥ ተሸሽጎ ከፀሐይ ይተርፋል። ደቻቱን የመሰሉ ወንዞች ላይ፣ ከከተማው ራቅ ብሎ በላይኛው ገባር፣ ይህ የጎርፉን ፍጥነትም ይገታል።

ወደ ሐረማያ ልመለስ። ሐይቁ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃው ተመልሶለታል፤ ወፎቹም መጥተዋል። ጥሩ ዝናብ ያገኙ ዓመታትና በዙሪያው የተሠራው የተፋሰስ ሥራ ረድተውታል። ያየ ሁሉ ተደስቷል፣ እኔም ተደስቻለሁ። ነገር ግን ከእንዲህ ያለ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ፀሐይ ብቻ በዓመት ከ1 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ውሃ ትወስዳለች፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር የምትወስደውም ይጨምራል። ቀሪውን የሚወስነው በዳርቻው የሚቆመው ፓምፕ ነው። አሁን የሚያስፈልገው በውሃው ውስጥ የተተከለ አንድ ባለቁጥር ዘንግ፣ በየጠዋቱ የሚያነበው አንድ ሰው፣ ቁጥሩ የሚሰፍርበት አንድ ደብተር፣ የፓምፖቹም ዝርዝር ነው። ከዚያም ውሃው እዚህ ቁጥር ላይ ሲደርስ የጫቱ ፓምፕ፣ እዚያ ሲደርስ የአትክልቱ እንደሚቆም ገበሬዎቹ ራሳቸው ተነጋግረው ዛሬ፣ ሐይቁ ሙሉ ሳለ፣ የሚፈርሙት ስምምነት። የዚህ ሁሉ የዓመት ወጪ የቆላውን ውሃ ወደ ሐረር ለመግፋት በአንድ ወር ከሚከፈለው የመብራት ሂሳብ ያንሳል ብዬ አምናለሁ።